አንድ ሸለቆ በብዙ ዐይን፤ በመልክዐ ምድር ፎቶግራፍ የግል ፈጠራ እንዴት እንደ ተገኘ

ፎቶግራፍ በ1839 በፓሪስ ለሕዝብ ከተገለጸ ጀምሮ በሊቃውንት ዘንድ አንድ ክርክር ሳይቋረጥ ኖሯል። ሠዓሊ ዐይኑ ያየውን በልቡ ካሳለፈ በኋላ በእጁ ያወጣዋል፤ ስለዚህ ሥዕሉ የሠዓሊው ነው ቢባል የሚቃወም የለም። ፎቶግራፍ ግን የብርሃንና የቅመም ሥራ ነው፤ መሣሪያው ፊት ለፊቱ የቆመውን ሁሉ ያለ አድልዎ ይቀዳል። እንግዲያውስ የአንሺው ድርሻ ምን ላይ ነው? የሰው ፊት በሚነሣበት ጊዜ ጥያቄው ቀለል ይላል፤ ተነሺው ከአንሺው ጋር ይነጋገራል፥ ይቀመጣል፥ ይዞራል፥ ፊቱን ያበራል ወይም ያጠቁራል። መልክዐ ምድር ሲሆን ግን ጥያቄው ይከብዳል። ተራራ ቀና በል ቢሉት ቀና አይልም፤ ትናንት አንዱ ያነሣውን ገደል ዛሬ ሌላው፥ ነገም ሦስተኛው መጥቶ ያነሣዋል። ሁሉም አንድ ነገር ካነሡ አንዱ ከሌላው በምን ይለያል? የራሱ የሆነውንስ ነገር ከወዴት ያመጣዋል?

ይህን ነገር በጠቅላላ ቃል ከመከራከር በአንድ ቦታ ታሪክ መመርመር ይሻላል። ለምርመራውም በሰሜን አሜሪካ፥ በካሊፎርኒያ ግዛት የሚገኘው የዮሴሚቲ ሸለቆ እጅግ የተመቸ ነው። ከ1859 ወዲህ በየዘመኑ የታወቁ ፎቶግራፍ አንሺዎች በዚያ ተመላልሰዋልና፥ አንዱን ዐለት በብዙ ዐይን ታይቶ ለማግኘት ይቻላል። ከዚህም ምርመራ ሁለት ነገር ይገለጣል። አንደኛው፥ የአንሺው ፈጠራ የሚገኘው ማንም ያላየውን ቦታ በማግኘት ሳይሆን በመምረጥ ነው፤ ይኸውም የመቆሚያውን ስፍራ፥ ሰዓቱን፥ በክፈፉ ውስጥ የሚገባውንና የሚቀረውን መምረጥ ማለት ነው። ሁለተኛው፥ የሚመርጥ ሰው ስለ መረጠው ብቻ ሳይሆን ስለ ተወውም ይጠየቃል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፥ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፥ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

ዮሴሚቲ በሲየራ ኔቫዳ ተራሮች መካከል የተቀበረ፥ ርዝመቱ 12 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ጥልቅ ሸለቆ ነው። መርሴድ የተባለው ወንዝ መካከሉን ሰንጥቆ ይሄዳል። በግራና በቀኝ የቆሙት ገደሎች የተጠረበ ግንብ ይመስላሉ። ከእነርሱም አንዱ፥ ኤል ካፒታን የተባለው፥ ከሸለቆው ወለል 900 ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ይወጣል። በምሥራቁ ጫፍ ያለው፥ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ሃፍ ዶም» ማለት ግማሽ ጉልላት ብለው የሰየሙት ዐለት ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,690 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ አንድ ጎኑ በቢላዋ የተቈረጠ ያህል ቀጥ ያለ ስለ ሆነ ከሩቅ ይለያል።

ሸለቆው ግን ባዶ አገር አልነበረም። ከደቡብ ሲየራ ሚዎክ ሕዝብ ወገን የሆኑ፥ አዋኒቺ የሚባሉ ሰዎች ይኖሩበት ነበር፤ ስፍራውንም አዋኒ ብለው ይጠሩታል። ዋና ስንቃቸው የባሉጥ ዛፍ ፍሬ ስለ ነበረ፥ ዛፉ እንዲያፈራላቸውና ሜዳው እንዳይታፈን ቍጥቋጦውን በየጊዜው በእሳት ይለበልቡት ነበር። በ1849 ወርቅ ፈላጊዎች ወደ ካሊፎርኒያ ከጎረፉ በኋላ በመሬትና በአደን ስፍራ ምክንያት ጠብ ተነሣ፤ በ1851 ማሪፖሳ ባታሊዮን የተባለ የዘማቾች ጭፍራ ወደ ሸለቆው ገብቶ ቤቶቹንና የፍሬውን ጎተራ አቃጠለ፥ ነዋሪዎቹንም አስወጣ። ከዘማቾቹ አንዱ የነበረው ላፋየት በኔል በ1880 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አንድ የሚያስተውሉት ነገር ጽፏል። ከሸለቆው በላይ በሚገኝ ሐይቅ ዳር የአዋኒቺን አለቃ ቴናያን አግኝቶ ሐይቁን በስማቸው መሰየሙን ነገራቸው፤ ሽማግሌው ግን ደስ አልተሰኙም፤ ሐይቁ ቀድሞም ስም እንዳለው፥ ስሙም ፒዌክ እንደ ሆነ መለሱለት። ትርጓሜውም የሚያበሩ ዐለቶች ሐይቅ ማለት ነው ይባላል። ሐይቁ ግን ዛሬም በካርታ ላይ ቴናያ ተብሎ ይጠራል። ባለስሙ አገሩን ሲያጣ ስሙ በአገሩ ላይ ቀረ።

በዚያው በ1851 ዓመት ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር የተባለ እንግሊዛዊ ለመልክዐ ምድር ፎቶግራፍ መስፋፋት ምክንያት የሆነውን የርጥብ መስተዋት ዘዴ አሳተመ። በዚህ ዘዴ በጠራ መስተዋት ላይ ኮሎዲዮን የሚባል ዝልግልግ ፈሳሽ ይፈስበታል፤ ከዚያም በጨለማ ድንኳን ውስጥ በብር ናይትሬት ይነከራል፤ ሳይደርቅ በመሣሪያው ውስጥ ገብቶ ብርሃን ይቀበላል፤ ሳይደርቅም ወጥቶ በቅመም ይታጠባል። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው ጨለማ ክፍሉን በበቅሎ ጭኖ ገደል ለገደል መሄድ ነበረበት። በዚያ ዘመን ምስልን ከትንሽ መስተዋት አጉልቶ ማተም አስቸጋሪ ስለ ነበረ ትልቅ ምስል የፈለገ ሰው ትልቅ መስተዋት ይሸከማል። ከዚህም በላይ ቅመሙ ሰማያዊውን ብርሃን አጥብቆ ሲቀበል አረንጓዴውንና ቀዩን በቅጡ አይቀበልም ነበር። ምድሩ በሚገባ እንዲወጣ ጊዜ ሲሰጠው ሰማዩ ከመጠን በላይ ይቃጠላል፤ በወረቀት ሲታተም ደመናው ሁሉ ጠፍቶ ነጭ ሜዳ ይሆናል። ይህ ጕድለት የሁሉም የጋራ ዕዳ ነበር። የአንሺዎቹም ልዩነት መታየት የጀመረው በዚሁ ጕድለት አያያዝ ነው።

ወደ ዮሴሚቲ ገብቶ ፎቶግራፍ በማንሣት የመጀመሪያው ሰው፥ በ1859 የሄደው ቻርልስ ሊያንደር ዊድ ነው። ቦታውን ለዓለም ያሳወቀው ግን ካርልተን ዋትኪንስ ሆነ። ዋትኪንስ በ1829 በኒው ዮርክ ግዛት ተወልዶ በወርቁ ዘመን ወደ ካሊፎርኒያ የተሻገረ ሰው ነበር። በ1861 ወደ ሸለቆው በሄደ ጊዜ 46 በ56 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ መስተዋት የሚቀበል ታላቅ መሣሪያ ይዞ ነበር፤ በዚያም ጉዞ 30 ትልልቅ ምስሎችንና በመንታ መነጽር የሚታዩ 100 ያህል ትንንሾችን አንሥቶ ተመለሰ። ሁለተኛ ሰው ሆኖ ሳለ እንደ መጀመሪያ የተቈጠረበት ምክንያት በሥራው ይታያል። ነጩን ሰማይ እንደ ጕድለት ሊደብቀው አልሞከረም፤ ይልቁን የዐለቱ ጠርዝ በነጩ ላይ ተቀርጾ እንዲታይ አድርጎ አቆመው። መስተዋቱ ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ ረጅም ስለ ነበረ ወራጁ ውሃ እንደ ሐር ለስልሶ ይወጣል፤ ዋትኪንስ ይህንንም ተጠቀመበት፥ ገደሉ በጸጥተኛ ውሃ ውስጥ ተገልብጦ የሚታይባቸውን ስፍራዎች እየመረጠ ምስሉን በሚዛን ከፈለው። በሥራው ውስጥ መቻኰል የለም፤ ሁሉም ነገር በቦታው ረግቶ ተቀምጧል። በ1866 ካነሣቸው ምስሎች ለአንደኛው «የዮሴሚቲ ሸለቆ ከምርጡ አጠቃላይ መመልከቻ» የሚል ርእስ ሰጠው። ከርእሱ እንደሚታየው በዚያን ጊዜ ለአንድ አገር አንድ ምርጥ መቆሚያ አለ፤ የአንሺውም ብልኀት ያንን ማግኘት ነው ተብሎ ይታመን ነበር።

የዋትኪንስ ምስሎች በ1862 በኒው ዮርክ ከተማ በጉፒል የሥዕል አዳራሽ ለሕዝብ ታዩ። ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በሰኔ ወር 1864፥ አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት እየታመሰች ሳለች ፕሬዚዳንት ሊንከን ሸለቆው ለሕዝብ መዝናኛ ተጠብቆ እንዲኖር ለካሊፎርኒያ ግዛት የሚሰጠውን ሕግ ፈረሙ። የታሪክ ጸሓፊዎች ምስሎቹ ለሕጉ መውጣት ድጋፍ እንደ ሆኑ ይናገራሉ፤ ቦታውን ለማየት ላልቻለው የምሥራቅ ሰው እንደ ምስክር ቆመውለታልና። ነገር ግን ሥራው ባለቤቱን አልጠቀመውም። ዋትኪንስ በ1870ዎቹ አጋማሽ በዕዳ ተይዞ አዳራሹንና መስተዋቶቹን አጣ፤ አይዛያ ቴበር የተባለ ሌላ ነጋዴም ከእነዚያው መስተዋቶች እያተመ በራሱ ስም ሸጣቸው። ዋትኪንስ በዕድሜው መካከል መሣሪያውን ጭኖ ወደ ድሮዎቹ መቆሚያዎች ተመለሰ፤ ያንኑ አገር እንደገና አንሥቶ «አዲስ ተከታታይ» ብሎ ሰየመው። በ1906 ደግሞ የሳን ፍራንሲስኮ የምድር መናወጥና ቃጠሎ የቀረውን ሀብቱን ሁሉ በላበት። ዐይኑ ደክሞ፥ አእምሮው ታውኮ በ1916 በአንድ የሕሙማን መጠበቂያ ውስጥ ሞተ። ስሙ ከሥራው ላይ ተፍቆ ብዙ ዓመት ከኖረ በኋላ፥ ኋለኞቹ መርማሪዎች የእርሱን ምስሎች ከሌሎቹ ሊለዩ የቻሉት በከፊል በአቀማመጣቸው ነው። ስለዚህ የአንሺው እጅ በፎቶግራፍ ላይ አይታይም የሚለው አባባል እውነት እንዳልሆነ ከዚሁ ይታወቃል።

ሁለተኛው ታላቅ አንሺ ኤድዋርድ ማይብሪጅ በ1830 በእንግሊዝ አገር የተወለደ፥ ኋላም የፈረስን ሩጫ ደረጃ በደረጃ በማንሣት በዓለም የታወቀው ሰው ነው። በ1867 ወደ ዮሴሚቲ በሄደ ጊዜ ሥራውን «ሄሊዮስ» በሚል ስም ያወጣ ነበር፤ ይህም በግሪክ ቋንቋ ፀሐይ ማለት ነው። ዋትኪንስ ቀድሞት የተደነቀ ስለ ነበረ ማይብሪጅ ያንኑ መድገም አልወደደም። ምርጡን መመልከቻ ትቶ ማንም ወደማይቆምበት የገደል ጫፍ ወጣ፤ ጸጥተኛውን ውሃ ትቶ ፏፏቴና ጭጋግ ፈለገ፤ በ1872 በድጋሚ ሲመለስም ትልልቆቹን መስተዋቶች ይዞ ይህንኑ አካሄድ አጠነከረ። ነጩን ሰማይ ግን ሊቀበለው አልቻለም። በ1869 የሰማዩን ብርሃን የሚጋርድ መከለያ ሠራ፤ ይህ ባልበቃው ጊዜ ደግሞ ደመናን ለብቻው አንሥቶ በኅትመት ጊዜ ከምድሩ ጋር አጋጠመው። ስለዚህ በሥራው ውስጥ የሚታየው ደመና ሁልጊዜ በዚያ ቀን በዚያ ተራራ ላይ የነበረ ደመና አይደለም። ይህ ሥራ ሐሰት ነው ወይስ ፈጠራ ነው በማለት የሚደረገው ክርክር ዛሬም አልቆመም። የማይካደው ነገር፥ ዋትኪንስ ዕረፍት ባየበት ሸለቆ ማይብሪጅ ሁከትን አይቶ ማሳየቱ ነው። ዐለቶቹ ግን ያው ነበሩ።

በዚያው ዘመን ያው የርጥብ መስተዋት ዘዴ ወደ ኢትዮጵያ ምድርም ገብቶ ነበር፤ የገባበት መንገድ የተለየ ስለ ሆነ ማነጻጸሪያ ይሆናል። በ1868 የጀኔራል ናፒየር ጦር በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ሲዘምት ከንጉሣዊው የእንግሊዝ መሐንዲሶች ክፍል ፎቶግራፍ አንሺዎች አብረው ተጓዙ። ዋና ተግባራቸው ካርታዎችን እየቀዱ ማባዛትና የዘመቻውን መንገድ በምስል መመዝገብ ነበር። ከዙላ ጠረፍ ጀምሮ በሰንዓፌ በኩል እስከ መቅደላ አምባ ድረስ ሰፈሩን፥ በሩን፥ ገደሉን አነሡ። መቅደላ የተያዘችው በሚያዝያ 6 ቀን 1860 በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው፤ ከጥቂት ቀን በኋላም በእሳት ስለ ጋየች ምስሎቹ ለታሪክ ታላቅ ዋጋ አላቸው። ሆኖም እነዚህ ሥራዎች በአብዛኛው የሚታወቁት በክፍሉ ስም እንጂ በአንሺዎቹ ስም አይደለም፤ መቆሚያውን የመረጠው የዘመቻው አስፈላጊነት ነበርና። በዋትኪንስ መስተዋት ላይ የቆመው ገደል የሚደነቅ ነገር ነው፤ በመሐንዲሶቹ መስተዋት ላይ የቆመው ገደል ግን የሚታለፍ ወይም የሚያዝ መሰናክል ነው። ቅመሙ አንድ፥ ዘመኑም አንድ ሲሆን ምስሉ የተለየው በዓላማው ነው። መሣሪያው ያለ አድልዎ ይቀዳል የሚለው አባባልም በዚህ ስፍራ ይፈርሳል።

እስከዚህ ድረስ ያሉት አንሺዎች ከሞላ ጎደል ለገበያ ወይም ለመንግሥት የሚሠሩ ስለ ነበሩ የልባቸውን ስሜት እንገልጻለን ብለው አልተነሡም። ይህን በግልጽ ዓላማ አድርጎ የተነሣው በኒው ዮርክ ይሠራ የነበረው አልፍሬድ ስቲግሊትዝ ነው። አንድ ሓያሲ የስቲግሊትዝ ፎቶግራፍ ኀይል የሚያገኘው በሚያነሣቸው ሰዎች ላይ ካለው ተጽዕኖ ነው ብሎ ጻፈ። ስቲግሊትዝም ለዚህ መልስ እንዲሆን በ1922 በሌክ ጆርጅ ወዳለው የበጋ ቤቱ ሄዶ መሣሪያውን ወደ ሰማይ አቀና። ደመና የማንም አይደለም፤ ማንም ሊያዝዘው አይችልም፤ ለሁሉም እኩል ይታያል። በዚህ ነገር ላይ የራሱን ስሜት ለማሳየት ከቻለ ክርክሩ አበቃ ማለት ነው። በዚህ መንገድ ከ200 በላይ የደመና ምስሎችን አነሣ፤ ከ1925 ጀምሮም «አቻዎች» ብሎ ሰየማቸው፤ ደመናው በልቡ ላለው ነገር አቻ ነው ሲል ነው። ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ አሳብ እንግዳ አይሆንም። ደመናው ሰም፥ ስሜቱ ወርቅ መሆኑ ነውና።

የቅኔው ምሳሌ ለዋናው ጥያቄም ይረዳል። በቅኔ ቤት ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፥ መወድስ ስምንት ቤት መሆኑ የተወሰነ ነው፤ ዜማውም የተወሰነ ነው፤ የበዓሉም ታሪክ በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። ሆኖም ባለቅኔ ትናንት የተቀኘውን ወይም ባልንጀራው የተቀኘውን እንደ አዲስ አድርጎ ቢያቀርብ ያፍራል። ቤቱና በዓሉ የጋራ ሲሆኑ ወርቁ የባለቅኔው መሆን አለበት። አንሺውም እንደዚሁ የጋራ የሆነውን ተራራ ተቀብሎ የራሱ የሆነውን እንዲያወጣበት ይጠበቃል፤ የቦታው መታወቅ ለደካማው ሰበብ፥ ለብርቱው መፈተኛ ነው።

ይህን ፈተና በዮሴሚቲ የተቀበለው አንሰል አዳምስ ነው። አዳምስ በ1902 በሳን ፍራንሲስኮ ተወለደ፤ ወደ ሸለቆው መጀመሪያ የሄደውም የ14 ዓመት ልጅ ሳለ፥ ወላጆቹ በሰጡት ትንሽ የኮዳክ ሣጥን መሣሪያ፥ ዋትኪንስ በሞተበት በ1916 ዓመት ነው። በወጣትነቱ ፒያኖ ነጂ ለመሆን ይማር ነበር፤ ፎቶግራፉም በዘመኑ እንደ ተለመደው ለስላሳና ብዥ ያለ፥ ሥዕል ለመምሰል የሚጣጣር ነበር። ሚያዝያ 10 ቀን 1927 ዳይቪንግ ቦርድ ወደሚባለው፥ ሃፍ ዶም ፊት ለፊት ወደሚታይበት የዐለት ጫፍ 12 መስተዋቶች ይዞ በበረዶ ላይ ወጣ። በቦታው ሲደርስ የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ። በመጀመሪያው ላይ እንደ ልማዱ ቢጫ ማጣሪያ አድርጎ አነሣ። ወዲያው ግን የሚወጣው ምስል ዐለቱን ይመስላል እንጂ ዐለቱ በልቡ ያሳደረውን ፍርሃትና አድናቆት እንደማያሳይ ተረዳ፤ ሰማዩ አመድማ፥ ዐለቱም ተራ ድንጋይ ሊሆን ነው። ስለዚህ በመጨረሻው መስተዋት ላይ ጥቁር ቀይ ማጣሪያ አደረገ፤ ቀዩ ማጣሪያ ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚያግድ ሰማዩ እንደ ሌሊት ጠቈረ፥ የዐለቱም ፊት ከጨለማው ውስጥ ወጥቶ ቆመ። ምስሉን «ሞኖሊት፥ የሃፍ ዶም ፊት» ብሎ ሰየመው። ኋላ ራሱ እንደ ጻፈው፥ ሊያነሣ የሚፈልገውን ምስል ከማንሣቱ በፊት በልቡ ሙሉ አድርጎ ያየበት የመጀመሪያ ጊዜ ይህ ነበር።

በሁለቱ መስተዋቶች መካከል የነበረው ጊዜ ጥቂት ነው፤ ቦታው፥ ሰዓቱ፥ መሣሪያው፥ ሰውየውም አንድ ናቸው። የተለወጠው ውሳኔው ብቻ ነው። የግል ፈጠራ በፎቶግራፍ ውስጥ የት እንደሚገኝ ለሚጠይቅ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ለማግኘት ያስቸግራል። ዋትኪንስ ቅመሙ የሰጠውን ነጭ ሰማይ በብልኀት ተጠቀመበት፤ አዳምስ ደግሞ አዲሱ ቅመም የፈቀደለትን ጥቁር ሰማይ መረጠ። ሁለቱም ሰማዮች ዐይን ያየው ሰማይ አልነበሩም።

አዳምስ ይህን ልምድ በትምህርት ደረጃ አደራጀው። በ1932 ከባልንጀሮቹ ጋር «ቡድን ኤፍ 64» የተባለውን ማኅበር አቋቁሞ ጥርት ያለ ፎቶግራፍ ሥዕልን ሳይመስል ጥበብ ሊሆን እንደሚችል አስተማረ። በ1936 ስቲግሊትዝ በኒው ዮርክ አዳራሹ ሥራውን አሳየለት። በ1940 ገደማም ከፍሬድ አርቸር ጋር ሆኖ የብርሃንን መጠን ከጥቁር እስከ ነጭ በደረጃ የሚከፍለውን «የዞን ሥርዓት» አዘጋጀ። ፒያኖ ነጂ የነበረ ሰው ስለ ሆነ ነጌቲቩን ከተጻፈ ዜማ፥ ከእርሱ የሚታተመውን ምስል ከዜማው አጨዋወት ጋር ያመሳስል ነበር። በ1941 በኒው ሜክሲኮ ያነሣውን «የጨረቃ መውጣት፥ ኸርናንዴዝ» የተባለውን ምስል በሕይወት ዘመኑ ከ1,000 ጊዜ በላይ አትሞታል፤ በመጀመሪያዎቹ ኅትመቶች ገለጥ ያለው ሰማይ በኋለኞቹ እየጠቈረ ሄዶ ጥላሸት ሊመስል ምንም አልቀረውም። አንዱን ዜማ በወጣትነትና በሽምግልና እንደሚጫወቱት ያለ ነው።

እስከዚህ የተባለው ስለ መረጡት ነው። የተዉትስ? በ1944 አዳምስ ከሎን ፓይን ከተማ አጠገብ የተራራውን ማለዳ በማንሣት ታላቅ ምስል አወጣ። በኮረብታው ላይ የከተማው ተማሪዎች በነጭ ኖራ የጻፏቸው የከተማዋ ስም ሁለት መነሻ ፊደላት ነበሩ፤ አዳምስ ግን በኅትመቱ ላይ አጠፋቸው፤ ይህንንም ሳይደብቅ ጽፎታል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የአንድ ዘመን ልማድ ይገለጥበታል። ይኸውም ንጹሕ ምድር ማለት ሰው የሌለበት ምድር ነው የሚለው ልማድ ነው።

ይህ ልማድ በዮሴሚቲ ከባድ ዋጋ አስከፍሏል። አዋኒቺዎች ከ1851ዱ ዘመቻ በኋላ ፈጽመው አልጠፉም፤ ብዙዎቹ ወደ ሸለቆው ተመልሰው በእንግዳ ማረፊያዎች እየሠሩ፥ ፍሬያቸውን እየለቀሙ ኖረዋል። ማይብሪጅ በ1872 በትንንሾቹ የመንታ መነጽር ምስሎች ላይ አንሥቷቸዋል። በየአዳራሹ የተሰቀሉትና ሕግ አውጪዎችን የማረኩት ትልልቅ ምስሎች ግን በአብዛኛው ባዶ አገር ያሳያሉ። ሕጉም ምስሉን ተከተለ። ቦታው በ1890 ብሔራዊ ፓርክ ከሆነ በኋላ የአገሬው ሰዎች መኖሪያ እየጠበበ ሄደ፤ በሸለቆው የቀረው የመጨረሻ መንደራቸውም እስከ 1969 ድረስ ፈርሶ አለቀ። መንደሩን መልሰው እንዲሠሩ ከፓርኩ ጋር ስምምነት የተደረገው በ2018 ነው።

በዋትኪንስ ምስሎች ላይ የሚደነቀው ሰፊ ሜዳ ራሱ ብቻውን የተፈጥሮ ስጦታ አልነበረም፤ አዋኒቺዎች በእሳት እየጠበቁ ያኖሩት ሜዳ ነው። የአለቃ ቴናያ የልጅ ልጅ ቶቱያ በልጅነታቸው ከሸለቆው ወጥተው በ1929 በእርጅናቸው በተመለሱ ጊዜ ሜዳው በቍጥቋጦ መወረሩን አይተው አዘኑ። ሌሎቹ ያልተነካ ዱር ያዩበትን እርሳቸው ጠባቂ ያጣ ቤት አዩበት። ስለ ሃፍ ዶምም የአገሬው ሰዎች የራሳቸው ትረካ አላቸው። በአፈ ታሪካቸው ዐለቱ ከባልዋ ጋር ተጣልታ ወደ ድንጋይ የተለወጠች ቲስሳአክ የምትባል ሴት ናት፤ በዐለቱ ፊት ላይ ቍልቍል የወረዱት ጥቁር መስመሮችም የእንባዋ መፍሰሻ ናቸው። አዳምስ በቀይ ማጣሪያ አጥልቆ ያወጣቸው መስመሮች እነዚሁ ናቸው። እርሱ «ሞኖሊት» ማለት አንድ ድንጋይ ብሎ የሰየመውን፥ እነርሱ የምታለቅስ ሴት ብለው ያውቁት ነበር። የትኛው ዐይን ትክክል ነው ማለት አይገባም፤ ነገር ግን አንደኛው ዐይን በዓለም አዳራሾች ሲሰቀል ሌላው ለረጅም ጊዜ ሰሚ አላገኘም።

ከዚህ የተነሣ ኋለኞቹ አንሺዎች ጥያቄውን ገለበጡት። በ1975 በሮቸስተር ከተማ በጆርጅ ኢስትማን ቤት በተደረገው ትርኢት አሥር ያህል አንሺዎች ሰው የለወጠውን መልክዐ ምድር፥ ይኸውም አዳዲስ ሰፈሮችን፥ መጋዘኖችንና መንገዶችን ያለ ጌጥ አሳዩ። ማርክ ክሌትና ባይረን ዎልፍ ደግሞ ከ2001 ጀምሮ የድሮዎቹን አንሺዎች መቆሚያ በዮሴሚቲ እየፈለጉ በዚያው ስፍራ ቆመው እንደገና አነሡ፤ ሥራቸውም ከጸሓፊዋ ከሬቤካ ሶልኒት ጋር በ2005 በመጽሐፍ ወጣ። ከሥራቸው አንዱ በ2002 በቴናያ ሐይቅ ዳር የተሠራ ነው። ማይብሪጅ በ1872፥ ኤድዋርድ ዌስተን በ1937፥ አዳምስም በ1942 ገደማ በዚያው አንድ ዳርቻ ቆመው እንዳነሡ ደረሱበት፤ ሦስቱንም ምስሎች በአዲሱ ሰፊ ምስላቸው ላይ በየቦታቸው አጋጠሙአቸው። ሦስቱ ምስሎች በጥቂት እርምጃ ተራርቀው ሳለ አንዱ ሌላውን አይደግምም። መኰረጅ ይመስል የነበረው ሥራም በራሱ አዲስ ነገር ሆኖ ተገኘ፤ ከእነርሱ በፊት ሦስቱን በአንድነት ያየ አልነበረምና።

ስለዚህ በመልክዐ ምድር ፎቶግራፍ ወጥ ፈጠራ አለ ወይ ለሚለው ጥያቄ የዮሴሚቲ ታሪክ አዎን ብሎ ይመልሳል፤ የሚገኝበትንም ስፍራ ያሳያል። ከሩቅና ካልተረገጠ አገር አይመጣም፤ በሁለት መስተዋቶች መካከል ባለችው በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ በሚደረግ ውሳኔ ይገኛል። ይህ ከሆነ ግን የድሮ ፎቶግራፍን ለታሪክና ለሕዝብ ጥናት ማስረጃ አድርጎ የሚወስድ መርማሪ በምስሉ ላይ የሚታየውን በመቍጠር ብቻ ሥራውን ሊጨርስ አይገባውም። የመቅደላን ገደል የያዘውን የመሐንዲሶቹን መስተዋት ሲመለከትም ሆነ ዛሬ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ የሚነሣውን ምስል ሲመረምር፥ ማን የት እንደ ቆመ፥ በማን ትእዛዝና ለምን ዓላማ እንደ ቆመ፥ ከክፈፉ ውጭ የቀረው ማን እንደ ሆነ፥ ለተነሣውም ነገር የአገሬው ሰው የሰጠው ስም ምን እንደ ነበረ መጠየቅ ይገባዋል። ሐይቁ ቀድሞም ስም እንደ ነበረው የተናገሩት የአለቃ ቴናያ መልስ ለእንዲህ ያለው መርማሪ የመጀመሪያ ትምህርት ሊሆነው ይችላል።